መኪናው ከመምጣቱ በፊት መሬቱ

በመሥሪያ ቤቶቻችን አንድ የተለመደ የደስታ ቀን አለ። ይኸውም ከባሕር ማዶ የታዘዘ ትልቅ ዕቃ ደረሰ የሚል ወረቀት የሚመጣበት ቀን ነው። የዚያን ዕለት የአለቃውም የጸሐፊውም የዘበኛውም ፊት ይፈካል፤ ሣጥኑ ከካሚዮን ላይ ሲወርድ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ዜናም ይሆናል። ዕቃው የሚቆምበት ስፍራ ተዘጋጅቷል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን በዚያ ቀን እንደ ሟርተኛ ይቆጠራል። እኛ ዛሬ በዚህ ዐምድ ያን ሟርተኛ ሆነን ልንቀርብ ነውና አንባቢዎቻችን፣ በተለይም ገና በትምህርት ላይ ያላችሁና ወንበር ከያዛችሁ ብዙ ያልሰነበታችሁ ወጣት ባለሥልጣኖች፣ ጥቂት እንድትታገሡን እንለምናለን።

ጉዳያችን የግንባታ ዕቃ ጥንካሬ የሚፈተንበት ከባድ መኪና ነው። መኪና ስንል ጎማ ያለውን ማለታችን አይደለም፤ የስፌት መኪና፣ የጽሕፈት መኪና ሲባል እንደሚሰማው ነው። ይህ መኪና ከሌሎቹ የሚለየው ሥራው ማበላሸት በመሆኑ ነው። ፌሮውን በሁለት ጫፍ ይዞ እስኪበጠስ ድረስ ይስበዋል፤ የቤቶን ናሙናውን፣ ባለሙያዎች ኪዩብ የሚሉትን፣ እስኪደቅ ድረስ ይጫነዋል። ሲበጠስና ሲደቅ የቻለውን ኃይል ይመዘግባል። የሚናገረው ይህን አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ምሰሶው ስንት ፎቅ ይሸከማል፣ ድልድዩስ ስንት ካሚዮን ያሳልፋል የሚለው የመሐንዲሱ ስሌት ሁሉ በዚያ ቁጥር ላይ የተንጠለጠለ ነው። ቁጥሩ ሐሰት ከሆነ ስሌቱ የቱንም ያህል ቢያምር ሐሰት ይሆናል።

ቁጥሩን ቀረብ ብለን እንየው። ኪዩቡ በየጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የሚጫንበት ገጽ 225 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በካሬ ሚሊ ሜትር 25 ኒውተን መቻል አለበት የተባለ ቤቶን እንግዲህ ከመድቀቁ በፊት 57 ቶን ያህል መሸከም ይገባዋል። በሁለት እጅ ታቅፈን የምናነሣት፣ 8 ኪሎ ግራም የምትመዝን ኪዩብ ተሳቢ ያለው የተጫነ ካሚዮን ትሸከማለች ማለት ነው። ውፍረቱ 16 ሚሊ ሜትር የሆነ ፌሮ እስኪበጠስ 12 ቶን ያህል ይጠይቃል፤ ባለ 32 ሚሊ ሜትሩ ደግሞ ወደ 50 ቶን ይጠጋል። የቤተ ሙከራ መኪኖች የ100፣ የ200፣ አንዳንዴም የ300 ቶን ኃይል እንዲኖራቸው ተደርገው የሚሠሩት ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህን የመሰለ መኪና የት ይቆማል? ለምሳሌ ያህል ሳቢያንን እንውሰድ። በሳቢያን እንዲህ ያለ ቤተ ሙከራ ሊሠራ ተቆርጧል ለማለት አይደለም፤ ነገር ግን ቢሠራ የሚያስደንቅ አይሆንም። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 የምድር ባቡሩ ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ከጥንስሷ ጀምሮ ከብረትና ከመኪና ጋር ያደገች ከተማ ናት። ያገራችን የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለውም በጣሊያን ወረራ ዘመን በዚህችው በድሬዳዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር በእርሷ በኩል ያልፋል፤ በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ነጻ የንግድ ቀጣናዋ ተመርቋል። ከከዚራና ከመጋላ ወጣ ብሎ የተስፋፋው ሳቢያንም ዛሬ የራሱ ሆስፒታል ያለው ሰፈር ነው። ሲሚንቶ የሚጋገርበት ከተማ፣ ያ ሲሚንቶ በየሠፈሩ ውስጥ ድንጋይ መሆን አለመሆኑን በደጁ የሚጠይቅበት ጠንካራ ቤተ ሙከራ ቢመኝ ቅንጦት አይባልም።

እንግዲህ በሳቢያን ቦታ ተመርቶ፣ መኪናውም ታዞ እንበል። መጀመሪያ የሚነሣው ክርክር የክብደት ክርክር ነው፤ በዚህም ላይ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይሰማል። አንደኛው ሰው «የ100 ቶን መኪና» ሲባል መሬቱን በ100 ቶን የሚረግጥ ይመስለውና ይደነግጣል። እውነቱ እንደዚያ አይደለም። መኪናው ኃይሉን የሚሸከመው በራሱ አጥንት ነው። ላዩና ታቹ በወፋፍራም የብረት ዓምድ የተያያዙ ስለ ሆኑ ወደ ታች የሚገፋውን ያህል ወደ ላይም ይገፋል፤ ኃይሉም እዚያው ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል። አንድ ሰው ሁለት መዳፎቹን ደረቱ ላይ አጋጥሞ ባለ በሌለ ኃይሉ ቢገፋፋ የቆመበት ወለል የሰውዬውን ክብደት እንጂ ግፊቱን አያውቀውም። ይህም እንደዚያው ነው።

ሁለተኛው ሰው ይህን ይሰማና «እንግዲያስ ወለሉ አያሳስብም» ይላል። ይኸኛው የባሰ ነው። መኪናው ራሱ እንደ አሠራሩ ሁለትም ሦስትም አራትም ቶን ይመዝናል፤ ያ ሁሉ ክብደት ደግሞ ከአንድ ካሬ ሜትር እምብዛም በማይበልጥ ቦታ ላይ ያርፋል። የቢሮ ወለል ብዙውን ጊዜ የሚሰላው በካሬ ሜትር 300 ኪሎ ግራም ያህል ጭነት ታስቦ ነው። ሦስት ቶን የዚህ ዐሥር እጥፍ ነው። ከዚህም በላይ ፌሮው ሲበጠስ ታፍኖ የቆየው ኃይል በአንዲት ቅጽበት ይለቀቃል፤ ያን ጊዜ ጩኸቱ እንደ ጥይት ነው፣ መኪናውም ከእግሩ ድረስ ይነዝራል። በቀን ሃያና ሠላሳ ጊዜ እንዲህ የሚመታ ተራ ወለል ከጊዜ በኋላ ይሰነጠቃል። በአጠገቡ ባለው ክፍል ግራም የምትመዝን ስስ ሚዛን ካለች እርስዋም ሥራዋን ትታ የመኪናውን ንዝረት ስትቆጥር ትውላለች።

ስለዚህ መሠረቱ ከቤቱ ወለልና ከግድግዳው የተለየ፣ ራሱን ችሎ በመሬት ላይ የሚቆም ወፍራም የቤቶን አካል መሆን አለበት። በዙሪያው ጠባብ ክፍተት ተትቶ ንዝረቱን በሚያበርድ ነገር፣ በሬንጅ ወይም በቡሽ፣ ይሞላል። የማሠሪያዎቹ ቡሎኖች ቤቶኑ ከመፍሰሱ በፊት ከፋብሪካው በመጣው ሥዕል መሠረት በልካቸው ይተከላሉ። ቡሎኑ ሁለት ሳንቲ ሜትር የሳተ እንደ ሆነ የደረቀ ቤቶን መፈልፈል ይመጣል፤ ይህን ያየ ግንበኛ ሁለተኛ እንዲደርስበት አይመኝም። አንዳንዱ የመኪና ዓይነት ደግሞ የሚወጡና የሚወርዱ አካሎቹን የሚያስገባበት ጉድጓድ ከወለል በታች ይፈልጋል። ድሬዳዋ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ የተቀመጠች ስለ ሆነችም ማሠሪያው ለይስሙላ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት ለወራት ሲንቀጠቀጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ እንደ ነበር እናስታውሳለን። ቁመቱ ከሰው በላይ የሆነ፣ ክብደቱ በቶን የሚቆጠር መኪና ሳይታሰር በቆመበት ክፍል ውስጥ ያን ዓይነት ቀን ማሳለፍ የሚፈልግ ያለ አይመስለንም።

መኪናው ሲቆም ዓምዶቹ በቱንቢ ቀጥ፣ መድረኩም በውሃ ልክ ለጥ ማለት አለበት፤ በአንድ ሜትር የሚፈቀደው መዛነፍ የሚሊ ሜትር ክፋይ ነው። ይህ የፈረንጅ ጭንቀት አይደለም። ፌሮው ቀጥ ብሎ ካልተሳበ እየተሳበ ይታጠፋል፤ ኪዩቡም ሙሉ ገጹ ካልተጫነ በአንድ ጥግ በኩል ቀድሞ ይፈረከሳል። ያን ጊዜ ጥሩው ቤቶን ደካማ ተብሎ ይፈረድበታል፤ ሥራውን በሚገባ የሠራ ተቋራጭ አፍርስ ይባላል። የዚህም ተቃራኒ አለ። መለኪያው ወደ ላይ የሚያጋንን መኪና ደካማውን ቤቶን ያሳልፋል፤ ፍርዱም ከዓመታት በኋላ በውስጡ በሚተኙ ሰዎች ላይ ይደርሳል። ስለዚህ በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት መኪናው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ በሌላ በታመነ መለኪያ እንዲመረመር ይመከራል፤ ተፈታትቶ ከቦታው ከተነሣም እንደ ገና ይመረመራል። በየመሥሪያ ቤቱ የምንሰማት «ለጊዜው እዚህ ትቀመጥ» የምትባል ቃል ዋጋዋ ስንት እንደ ሆነ ከዚህ ላይ ይታያል። የጽሕፈት ጠረጴዛ ለጊዜው ይቀመጣል፤ ይህ መኪና ግን በተነሣ ቁጥር ምስክርነቱን ያጣል።

አሁን ወደ መሬቱ እንውረድ፤ እውነተኛው ነገር ያለው እዚያ ነው።

ድሬዳዋ ከደጋው ግርጌ የተቀመጠች ናት። ከሐረርጌ ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ አሸዋ፣ ጠጠርና ደለል እያመጣ ለብዙ ሺህ ዘመናት በሥርዋ አንጥፏል። ደቻቱ በደረቅ ወራት ሰው የሚሻገረው አሸዋ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ማለቂያ ላይ ግን በሌሊት ሞልቶ ከ200 የሚበልጥ ሰው ሕይወት አጥፍቷል፤ የድሬ ሰውም ያን ሌሊት አይረሳውም። ቦታ ሲመረጥ የጎርፉን መንገድ መጠየቅ እንግዲህ በዚያ አገር የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ግን እምብዛም አይጠየቅም፤ ይኸውም ጎርፍ ያነጠፈው ደለል ውሃ ሲጠጣ ምን ይሆናል የሚለው ነው።

እንዲህ ያለው ደለል በደረቅ አገሮች ሁሉ መሐንዲሶችን ሲያታልል ኖሯል። ደረቅ ሳለ ጠንክሮ ይቆማል፤ ዶማ ይመልሳል፤ ያየው ሁሉ «መሬቱ አለት ነው» ይላል። ውሃ የገባበት ጊዜ ግን ቅንጣቶቹን ያያያዘው ስስ ጭቃ ይለሰልስና በመካከላቸው የነበረው ባዶ ቦታ ይዘጋል፤ መሬቱም በላዩ ያለውን ይዞ ይሰምጣል። ደለል ሁሉ ይህ ጠባይ አለው አንልም፤ አለው የለውም የሚለው የሚታወቀው ተፈትኖ ነው። ታዲያ የቤቶን ቤተ ሙከራ ማለት ውሃ የማይለየው ቤት ማለት ነው። ኪዩቡ 28 ቀን ተነክሮ የሚቆይበት ገንዳ አለ፤ የአሸዋና የጠጠር ማጠቢያ አለ፤ የቤቶን ማቡኪያው ማታ ማታ ይታጠባል። ገንዳው ከነቃ፣ ፖዜቶውም ከተደፈነ፣ ውሃው ቀስ እያለ በመኪናው መሠረት ሥር ይገባል። ከዓመት በኋላ መድረኩ ሦስት ሚሊ ሜትር ሲዘም ሰው ሁሉ መኪናውን ይራገማል።

ስለዚህ የሳቢያን መሬት ጥቂት ሜትር ተቆፍሮ ንብርብሩ በዓይን መታየት፣ ናሙናውም ደረቁን ብቻ ሳይሆን ውሃ ጠጥቶ መፈተን ይገባዋል። ሰናፍ ሆኖ ከተገኘ ተዝቆ በተመረጠ ጠጠር እየተረገጠ ይሞላል፤ ወይም መሠረቱ ወደ ጠንካራው ንብርብር ይወርዳል። ውሃ ነኩ ክፍልና ከባዱ መኪና ያለበት ክፍል እንዲራራቁ ማድረግ ደግሞ ሥዕሉ ገና በወረቀት ላይ ሳለ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። «እዚህ አጠገብ ባለ ሦስት ፎቅ ቆሟል፤ መሬቱ ጥሩ ነው» የሚል ምስክርነት ለሰርግ ድንኳን ይበቃ ይሆናል።

ሳቢያን ከሌሎች ሰፈሮች የተለየ አንድ አደራም አለበት። የድሬዳዋን ሕዝብ ለረጅም ዘመን ሲያጠጡ ከቆዩት ዋና ዋና ጉድጓዶች አያሌዎቹ ያሉት በሳቢያን ነው። የመፈተኛው መኪና ደግሞ በዘይት ግፊት የሚሠራ ነው፤ በሆዱ ብዙ ሊትር ዘይት ይይዛል፤ ጎማው ሲያረጅ ማንጠባጠቡ አይቀርም። ቤተ ሙከራው የአስፋልት ፍተሻ የሚጨምር ከሆነ ሬንጅ ማሟሟቻው ከዘይቱም የከፋ ነው። ወለሉ እንግዲህ ዘይት የማያሳልፍ፣ ወደ አንድ መሰብሰቢያ የሚያዘነብል፣ መሰብሰቢያውም ከማናቸውም የፍሳሽ ጉድጓድ ጋር ያልተገናኘ ሊሆን ይገባል። የከተማውን ቤት ጥንካሬ እንመረምራለን ብለን የከተማውን ውሃ ብናቆሽሽ ለድሬ እናቶች የምንሰጠው መልስ የለንም። በእኛ አስተያየት በሳቢያን ጉዳይ ከሁሉ በፊት መጻፍ ያለበት አንቀጽ ይህ ነው፤ መኪናው ዐሥር ቶን ባነሰ ኃይል ቢገዛ ይሻላል፣ ይህ ወለል ከሚጎድል።

ሙቀቱንስ ምን እናድርገው? የድሬን ግንቦትና ሰኔ ያየ ሰው ይህን ጥያቄ አይንቀውም። ብረት ሲሳብ የክፍሉ ሙቀት ከ10 እስከ 35 ዲግሪ መካከል እንዲሆን ዓለም አቀፉ ደንብ ያዛል። በድሬ በጋ ከቀትር በኋላ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ከ35 በላይ መውጣቱ የታወቀ ነው። ከዚህም የበለጠ አሳሳቢው የኪዩቡ ገንዳ ነው፤ በብዙ አገሮች በሚሠራበት ደንብ ውሃው በ20 ዲግሪ፣ ሁለት ዲግሪ ከፍና ዝቅ ቢል ነው፣ መቆየት አለበት። ቤቶን በሙቅ ውሃ ሲቆይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቶሎ ይጠነክራል፤ በ28ኛው ቀንና ከዚያም በኋላ ግን በቀዝቃዛ ውሃ ከቆየው አንሶ ይገኛል። በሳምንቱ ውጤት የተደሰተ ተቋራጭ በወሩ የሚያዝንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ማቀዝቀዣ ያለው ገንዳ፣ ወፍራም ግድግዳ፣ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የሚመለከት መስኮት፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፤ እነዚህ በከዚራ የቆዩ ቤቶች ላይ የሚታዩ የድሮ ጥበቦች ናቸው፣ ከማቀዝቀዣው በቀር።

ኤሌክትሪኩን ባጭሩ እንለፈው። ባለ ሦስት ፌዝ መስመር፣ የራሱ ማጥፊያ፣ እውነተኛ የመሬት ሽቦ፣ ኃይል ከፍና ዝቅ ሲል የሚያርቅ መሣሪያ ያስፈልጋል። መብራት በፈተናው መካከል ቢጠፋ ያ ናሙና ጠፋ፤ ኪዩቡን እንደ ገና 28 ቀን መጠበቅ ማን ይችላል?

ስለ በሩ ግን ሳንናገር አናልፍም። ተራ በር ስፋቱ 90 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ10 ነው። መኪናው ከነሣጥኑ ከዚያ ይሰፋል፤ ቆሞም ሁለት ሜትር ተኩልና ከዚያ በላይ ይሆናል። ገብቶ የሚነሣበት የፓራንኮ ማንጠልጠያ ብረት በጣሪያው ላይ ካልተሠራ በገመድና በትከሻ ይነሣል፤ በዚህም ሰው ይጎዳል። በድሬዳዋ ለዚህ ነገር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የጥንቱ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ቶርኖዎቹንና ሌሎች ከባድ መኪኖቹን በየመሠረታቸው ላይ አቁሞ፣ የሎኮሞቲቭ አካል እያነሣና እያወረደ፣ ለዘመናት ሠርቷል። ከባድ ዕቃ ማንሣት፣ ታኮ ማስገባት፣ በውሃ ልክ ማስተካከል ያደጉበት የሽመንደፈር ሰዎች ያሉባት ከተማ ናት። ከዩኒቨርሲቲ የወጣን ሰዎች ግን ብዙውን ጊዜ እነርሱን መጠየቅ ደረጃችን አይመስለንም፤ መጽሐፍ ውስጥ የሌለውን ነገር የሚያውቅ ሰው በቱታ ሲመጣ አናየውም።

ስሙን በማንጠራው አንድ ቤት፣ በሌላ ከተማ፣ ለጉብኝት በሄድንበት ጊዜ የቤተ ሙከራው ኃላፊ አንድ በሸራ የተሸፈነ ሣጥን አሳዩን። በደጃፉ ጥላ ሥር ሁለት ክረምት ከርሟል። በሩ ጠብቦ ግድግዳው ይፍረስ ተባለ፤ ግድግዳውን ለማፍረስ ፈቃድ ተጠየቀ፤ ፈቃዱ ሲመጣ ወለሉ አይችልም ተባለ፤ ወለሉን ለመሥራት በጀት አልተያዘም። ከፋብሪካው የመጣው ባለሙያ አንድ ቀን አድሮ፣ ወለሉን በእግሩ መታ መታ አድርጎ፣ ተመልሶ ሄደ፤ የአውሮፕላን ዋጋው ግን ተከፍሏል። የፋብሪካው ዋስትና መኪናው ሣጥን ውስጥ እንዳለ አለቀ። ኃላፊው ይህን ሲነግሩን አልተቆጡም፤ ጋሼ፣ ታዲያ ኪዩቦቹን የት ታስፈትናላችሁ ብለን ስንጠይቃቸው «በካሚዮን እንልካለን» አሉን። ኪዩብ በኮረኮንች መንገድ ሲሄድ ጥጉ እንደሚሸረፍ፣ ውሃውም እንደሚደርቅ እርሳቸው ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

ሌሎች ይህን ጉዳይ እንዴት አድርገውት ነበር ብሎ መመልከት ይጠቅማል። ዴቪድ ኪርካልዲ የተባለ የስኮትላንድ ሰው በግላስጎው የመርከብ ፋብሪካ ሲሠራ ብረት መፈተን ዋና ሙያው ሆነ። ሥራውን ለቆ በገዛ ገንዘቡ ለአንድ የሊድስ ከተማ ፋብሪካ ትልቅ መፈተኛ መኪና አዘዘ፤ መኪናው እ.ኤ.አ. በ1865 አለቀ። ርዝመቱ 14 ሜትር ተኩል ያህል፣ ክብደቱ 116 ቶን ነው። ኪርካልዲ መጀመሪያ በለንደን ሳውዝዋርክ በሚባል ሰፈር ሥራውን ከጀመረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1874 ለመኪናው ተብሎ ወደ ተሠራ ሕንፃ አዛወረው። ልብ በሉ፤ መኪናው ለሕንፃው አልተገዛም፣ ሕንፃው ለመኪናው ተሠራ። በስኮትላንድ የቴይ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1879 መጨረሻ ባቡሩን ከነተሳፋሪዎቹ ይዞ ሲወድቅ የድልድዩ ብረቶች የተፈተኑት በዚያ መኪና ነው። መኪናው ዛሬም እዚያው ቦታው ላይ ቤተ መዘክር ሆኖ ይገኛል። በበሩ ላይ «ሐቅ እንጂ አስተያየት አይደለም» የሚል ቃል ተቀርጿል፤ በአስተያየት ዐምድ ለምንጽፈው ለእኛ ትንሽ የሚቆጠቁጥ ቃል ነው።

ያገራችንም ታሪክ ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 ከስዊድን መንግሥት ጋር በተደረገው ስምምነት በአዲስ አበባ የተቋቋመው፣ ሕዝቡ ሕንፃ ኮሌጅ እያለ የሚጠራው ትምህርት ቤት፣ የግንባታ ዕቃ ፍተሻን ከትምህርቱ ጋር አያይዞ የያዘ ነበር። ተማሪው ቤቶን መሥራትንና ቤቶን መስበርን በአንድ ግቢ ውስጥ እንዲማር ነው። የሳቢያን ዓይነት ቤተ ሙከራ በምናስብበት ጊዜ ይህን ሐሳብ መልሶ ማምጣት የሚገባ ይመስለናል፤ መሠረቱ ሲቆፈር፣ ቡሎኑ ሲተከል ተማሪዎች ቆመው ቢያዩ ከብዙ ሰዓት ሌክቸር ይበልጣል።

ከዚህ በኋላ ከወጣት ባለሥልጣን ወዳጆቻችን የሚመጣብንን መልስ እናውቀዋለን። «የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል፤ ገንዘቡ ከተመለሰ አይገኝም፤ ስለዚህ መኪናው ይገዛ፣ ስፍራው በሚመጣው ዓመት ይታሰብበታል» ይሉናል። ይህ ክርክር የስንፍና ክርክር አይደለም። ገንዘብ ሲመለስ ያየ ሰው የሚናገረው ነው። ሆኖም የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በሰኔ የዳነው ገንዘብ በሸራ ሥር እየዛገ ሲያልቅ ዳነ አይባልም። ሥር የሰደደው ችግር ሌላ ነው። መኪናው በዕቃ ግዥ ፋይል ይሄዳል፤ ወለሉ በግንባታ ፋይል ይሄዳል፤ ኤሌክትሪኩ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። ሦስቱ ፋይሎች አንድ ክፍል ውስጥ የሚገናኙት መኪናው በር ላይ ቆሞ አልገባም ሲል ነው።

ይህን ለማቃናት አዲስ ሕግ የሚያስፈልግ አይመስለንም። የጨረታውን ሰነድ የሚያዘጋጀው ወጣት ሹም ሁለት ዐረፍተ ነገር ይጨምር። አንደኛው፣ ሻጩ የመሠረቱን ሥዕል፣ የቡሎኖቹን ቦታ፣ የመኪናውን ክብደትና የሚፈልገውን ኤሌክትሪክ ውሉ በተፈረመ በጥቂት ሳምንት ውስጥ እንዲልክ፤ ሁለተኛው፣ የስፍራው ማዘጋጃ ወጪ በዚያው በመኪናው ዋጋ ገጽ ላይ እንዲጻፍ። አለቃው መኪናውን ሲፈርም ወለሉንም ይፈርማል ማለት ነው። ዋጋው ከፍ ብሎ ሊያስደነግጥ ይችላል፤ ቢያስደነግጥም እውነተኛው ዋጋ ያ ነው።

ጊዜውም በቂ ነው። ትእዛዙ ከተፈረመ በኋላ መኪናው ተሠርቶ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ጅቡቲ ወርዶ፣ ከዚያም 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ድሬዳዋ እስኪደርስ ወራት ያልፋሉ። በእነዚያ ወራት የሳቢያን መሬት ይቆፈራል፣ ውሃ ጠጥቶ ይፈተናል፣ ይረገጣል፤ ቡሎኑ ተተክሎ ቤቶኑ ይፈስሳል፤ 28 ቀኑንም እርጥብ ጆንያ ለብሶ ይጠነክራል። ከዚያው ከመሠረቱ ቤቶን ደግሞ እንደ ደንቡ ኪዩብ መውሰድ ያስፈልጋል። መኪናው ገና በባሕር ላይ ስለሚሆን እነዚያን የመጀመሪያዎቹን ኪዩቦች ሌላ ቤተ ሙከራ ሄዶ ማስፈተን ግድ ነው፤ በካሚዮን ሲላኩ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ይቀበሩ።